ባሕር ዳር ላላችሁ ሁሉ፦ ይህን ልጅ እወቁልኝ

ኮምፒውተሬን ጸጥ ላሰኘልኝ ሠራተኛ ልጅ ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ብቀር ኅሊናዬ አያስተኛኝም።

ለዓይነ ስውር ተማሪዎች የትምህርት መጻሕፍት እያነበብኩ በድምፅ እቀዳለሁ። ቤቴ ሽምብጥ ነው። የምቀዳበት ክፍል አልጋና ጠረጴዛ ከገባበት በኋላ መዞሪያ የለውም። ኮምፒውተሩን በቁም ሳጥኑና በግድግዳው መካከል ሸጉጬዋለሁ። የባጃጅ ድምፅ እንዳይገባ መስኮት እዘጋለሁ። በሚያዝያ ሙቀት መስኮት ዘግቶ መቀመጥ ምን እንደሆነ ለባሕር ዳር ሰው አይነገርም። ኮምፒውተሩ ይግላል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ቀረጻው ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ «እትዬ፣ ድምፅሽ ደስ ይላል፤ ግን ከኋላሽ ነፋስ አለ» አለችኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

በውሃ የሚቀዘቅዝ አሠሪ ተባልኩ። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ባለ 360 ራዲያተር ሸጡልኝ፤ ራዲያተር የሞቀው ውሃ የሚቀዘቅዝበት፣ ፋን የሚገጠምበት ዕቃ ነው፣ ቁጥሩም የተደረደሩት ፋኖች ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው። «ትልቅ ከሆነ አይጮኽም» አሉኝ። ሲያመጡት ኬዙ፣ የኮምፒውተሩ ሳጥን ማለት ነው፣ ውስጥ አልገባ አለ። «ኬዙን እንቆርጠዋለን» አይሉኝም? እምቢ ስል ብሬን አንመልስም አሉ። ሌላ ቦታ ደግሞ ትንሿን ባለ 120 ገጠሙልኝ። ፋኑ ከድሮው ባሰበት። ጭራሽ ውስጡ ጀበና እንደሚንተከተክ ያለ ድምፅ ጀመረ። ተመልሼ ብነግራቸው «ችግሩ ያንቺ ጆሮ ነው» ተባልኩ። ሰው ከፍሎ እንዴት ይሰደባል? ስም አልጠራም፤ ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ።

ዓባይ ማዶ የሚሠራውን ልጅ ያሳየችኝ ጎረቤቴ ናት። ዕቃውን አምጪ አላለኝም፤ ራሱ ቤቴ ድረስ መጣ። ኬዙን ሳይነካ በፊት «እታለም፣ እንደምትቀጂ ሆነሽ አንብቢልኝ» አለኝ። አነበብኩ። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ከዚያ «ጆሮሽ ልክ ነው» አለኝ። እንባዬ መጣ። እስከዚያ ቀን ማንም አላመነኝም ነበር።

ቀጥሎ የፓስታ ካርቶን ለመነኝ። በማስመሪያ ለክቶ፣ በቢላዋ ቆርጦ የራዲያተር ልክ አወጣና ኬዙ ውስጥ አስገባው። ባለ 280 ሲባል 28 ሴንቲ ሜትር እንዳይመስልሽ፣ ጫፍና ጫፉ ሲጨመር 31 ያልፋል አለኝ። ውፍረቱንም ለካ፤ ራዲያተሩ 27 ሚሊ ሜትር፣ ፋኑ 25፣ በድምሩ 52። ከታች ከቆሙት ሚሞሪ ከሚባሉት ሰሌዳዎች ጋር እንዳይነካካ ጣቱን አስገብቶ አየ። ብር ሳይወጣ፣ በካርቶን!

ለምን 280 እንደመረጠም ነገረኝ። ውሃው ሙቀቱን ተሸካሚ ብቻ ነው፣ የሚያራግፈው ራዲያተሩ ነው፤ ውሃው ደግሞ ከክፍሉ አየር በታች አይቀዘቅዝም አለኝ። ባለ 280 ሁለት ባለ 140 ፋን ይይዛል። ስፋቱ ከ360ው ብዙም አያንስም፣ ፋኖቹም ትልልቅ ስለሆኑ ቀስ ብለው ዞረው ይበቃሉ። የጀበናው ድምፅም አየር ነበር። ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ ከራዲያተሩ በላይ ስለተቀመጠ አየሩ እሱ ውስጥ ተጠራቅሞ ኖሯል። አሁን ራዲያተሩ ከላይ ነው። ሌላ ሌላውን አልገባኝም፣ እሱ ያውቀዋል።

ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ገጠመልኝ። ካርቶኑ እንዳለው ልክክ አለ። ለመጀመሪያው ቀን ምልልስ ሳንቲም አልተቀበለኝም። «ስለ ተማሪዎቹ ይሁን» አለ። እኔ ምን ልበል? እናቱ ትባረክ፣ ያሳደገችው እጅ አይንቀጥቀጥ።

ሦስት ምዕራፍ ልኬላት ያቺ ተማሪ «ዛሬ የት ሆነሽ ነው የቀዳሽው?» ብላ ደወለችልኝ። እዚያው ቦታ ነበርኩ።

ወገኖቼ፣ ኮምፒውተር የምታሠሩ፣ ቪዲዮ የምትሠሩ፣ መዝሙር የምትቀዱ፣ ወደዚህ ልጅ ሂዱ። እንደ እኔ ሁለቴ ከስራችሁ አትሂዱ፣ መጀመሪያውኑ ሂዱ። ስሙንና ስልኩን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለለመነኝ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ ለሁሉም እመልሳለሁ። ካርቶን ብቻ ቤት ውስጥ ይኑራችሁ።