የፐርሲመን ገረዛ፦ ጫፉን መከርከም ወይስ ቅርንጫፉን ከመነሻው ማውጣት?

ፐርሲመን፣ በእስራኤል አፈርሰሞን የሚባለው የፍራፍሬ ዛፍ፣ የሚያብበው በዘንድሮ ለጋ ቀንበጥ ላይ ነው። ያ ቀንበጥ የሚወጣው ደግሞ ካለፈው ዓመት እድገት ጫፍ አካባቢ ካሉ ጥቂት እንቡጦች ነው። የሁለቱ አቆራረጥ ልዩነት ከዚህ ይጀምራል።

ቅርንጫፉን ሁሉ ከጫፉ እኩል የከረከመ ሰው የመጪውን ምርት አብሮ ጥሏል። ዛፉ የጎደለውን ለመተካት ቀጥ ያሉ ረጃጅም ቀንበጦች ይገፋል፤ ጉልበቱ ወደ ቅጠል ስለሚሄድ የያዘው ጥቂት ፍሬም ሳይበስል ይረግፋል። ናይትሮጅን ከበዛበት ይብሳል። መከርከም በእውነት የሚጠቅመው ለችግኝ ነው፦ ከመሬት 75–90 ሳንቲሜትር ላይ ሲቆረጥ 3 ወይም 4 ዋና ቅርንጫፍ ያወጣል።

ለሚያፈራ ዛፍ ግን ከመነሻው ማውጣት ይሻላል፤ በዚህ አናመነታም። ቅጠሉ ረግፎ፣ እንቡጡ ሳያብጥ፣ በመጀመሪያ የደረቀውንና የተሰበረውን፣ ቀጥሎ እርስ በርሱ የሚፋተገውንና መሃሉን የሚያጨልመውን አውጡ። መቀሱ ከቅርንጫፉ መነሻ እብጠት ወጣ ብሎ ይረፍ፤ እብጠቱ ከተነካ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም፣ ጉቶ ከቀረም ይበሰብሳል። የቀሩትን ጫፎች አትንኩ።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። የፐርሲመን እንጨት ተሰባሪ ስለሆነ፣ ፍሬ ሲሸከም የሚጎብጥ ቀጭንና ረጅም ቅርንጫፍ ካለ ጠንካራ የጎን ቅርንጫፍ እስከወጣበት ቦታ ድረስ አሳጥሩት። ለብዙ ዓመት ሳይገረዝ የቆየ ዛፍ ከሆነ ሥራውን በ2 ወይም 3 ዓመት ከፋፍሉት።