ተንሸራታች ወይስ ቅርንጫፍ? ለውኃ ግርጌ የማይተበተብ የማጥመጃ ክር አመራረጥ

ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ክሩን ስትሰበስቡ ትሉ እንዳለ ነው፤ መንጠቆው ግን ዋናው ክር ላይ ሰባት ስምንት ዙር ተጠምጥሞ ከእርሳሱ፣ ማለት ክሩን ወደ ወለሉ ከሚያሰምጠው ክብደት፣ ጎን ተለጥፏል። ያን ሁሉ ጊዜ ዓሣ ስታጠምዱ አልነበረም፤ ውኃ ውስጥ ድንጋይ አስቀምጣችሁ ነው የተቀመጣችሁት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ክሩን ይረግምና ሱቅ ሄዶ የተሻለ የተባለውን ይገዛል። እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርኩ። ጥፋቱ ከክሩ ስም ሳይሆን ከርዝመቱና ከግትርነቱ መሆኑ የገባኝ ሁለት ጥቅል ውድ ክር ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ክሩ ለምን እንደሚተበተብ እንይ። ስትወረውሩ ቀድሞ የሚበረው እርሳሱ ነው። ከባድና ትንሽ ስለሆነ አየር አይገታውም። መንጠቆውና ማባበያው ግን ቀላል ናቸው፤ አየሩ ወደ ኋላ ይገፋቸዋል። መንጠቆውን የያዘው አጭር ክር ወደ ኋላ ታጥፎ ከዋናው ክር ጋር ጎን ለጎን ይበራል። ትሉ ወይም የዓሣ ቁራጩ በአየር ላይ ሲሽከረከር ደግሞ ይጠመጠማል። ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚፈታ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ እርሳሱ ወደ ታች ሲወርድ ጥምጥሙን የበለጠ ያጠብቀዋል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው የመንጠቆውን ክር ማሳጠር ነው። ሁለተኛው ማደንደን ነው፤ ይህን ብዙ ገዢ አያስበውም። አንድ ወጥ ክር ለመታጠፍ ያለው እምቢተኝነት ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ እንደተባዛ ያህል ነው የሚያድገው። የመንጠቆውን ክር ከ0.30 ወደ 0.50 ሚሊሜትር ብትለውጡት ግትርነቱ ወደ 8 እጥፍ ይጠጋል። ዓሣው ወፍራም ክር ያያል ብላችሁ ብትሰጉም የተጠመጠመ መንጠቆ ከወፍራም ክር ይልቅ ያስደነግጠዋል።

ተንሸራታች እርሳስ

ዋናው ክር በእርሳሱ ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል፤ ቀጥሎ ዶቃ ይገባል፤ ቀጥሎ ተሽከርካሪው ቀለበት፣ ማለት ስዊቭል፣ ይታሰራል፤ ከስዊቭሉ ማዶ የመንጠቆው ክር አለ። ካሮላይና ተብሎ የሚሸጠው የዚህ ቤተሰብ ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ዓሣው ማባበያውን አንስቶ ሲሄድ ክሩ በእርሳሱ ውስጥ ይሾልካል፤ ክብደቱ ወዲያው አይሰማውም። ለጠርጣራ ዓሣና ምግቡን አፉ ውስጥ እያላመጠ ለሚያመነታ ትልቅ ዓሣ ይህን የሚያህል የለም። እርሳሱን ለመቀየር ግን ክሩን መቁረጥ ግድ ይላል። ስለዚህ እርሳሱ ራሱ ሳይሆን ማንጠልጠያ ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ክሩ ላይ የሚንሸራተትበትን ዓይነት ብትገዙ ይሻላል። እርሳሱ በማንጠልጠያው ላይ ስለሚሰቀል እንደ ወራጁ ውኃ ጉልበት ከባዱን ወይም ቀላሉን በደቂቃ ትቀይራላችሁ።

ችግሩ ውርወራው ላይ ነው። በበረራ ጊዜ እርሳሱ ስዊቭሉን ተጭኖ ከፊት ይሄዳል፤ የመንጠቆው ክር በሙሉ ርዝመቱ ወደ ኋላ ይታጠፋል። አንድ ሜትር ከሆነ አንድ ሜትሩ በሙሉ ዋናው ክር ላይ ለመጠምጠም ዝግጁ ነው። ከዳር ሆናችሁ የምትወረውሩ ከሆነ ከ40 እስከ 50 ሴንቲሜትር በቂ ነው። ረጅሙን ለጀልባ ተዉት፤ እርሳሱን ቀስ አድርገው ለሚያወርዱና ወራጁ የመንጠቆውን ክር ወደፊት ዘርግቶ ለሚይዝላቸው ሰዎች ነው የሚሆነው።

የዚሁ ዘመድ የሆነና ሱቅ ውስጥ ማንም የማያስታውሰው አንድ አሠራር አለ፤ እርሳሱ ያለ ስዊቭል እስከ መንጠቆው ዓይን ድረስ ይንሸራተታል። የመንጠቆ ክር የሚባል ነገር ስለሌለው የሚጠመጠምም ነገር የለውም። ድንጋያማ ቦታ ላይ ክሩ ሲላላ እርሳሱ ከመንጠቆው ስለሚርቅ፣ ዘንጉን ነቅነቅ ስታደርጉ እርሳሱ ተመልሶ መንጠቆውን ይመታና አንዳንዴ ከተያዘበት ያስለቅቀዋል። ለጀማሪ መጀመሪያ የምሰጠው ይህን ነው። የሚገዛው እርሳስና መንጠቆ ብቻ ነው፤ ነጋዴው ላይወደው ይችላል።

ቅርንጫፍ መንጠቆ

እዚህ እርሳሱ ከሁሉም በታች፣ ከክሩ ጫፍ ላይ ነው። መንጠቆዎቹ ከእርሳሱ በላይ ከዋናው ክር ጎን እንደ ቅርንጫፍ ይወጣሉ። ፓተርኖስተር የሚለው ስም የመጣው ከላቲኑ የአባታችን ሆይ ጸሎት ነው፤ በክር ላይ በየርቀቱ የተሰካ ነገር መቁጠሪያ ስለሚያስመስለው።

ለውርወራ ከተንሸራታቹ ይሻላል የምለው በግልጽ ምክንያት ነው። እርሳሱ ጫፍ ላይ ስለሆነ በበረራም በመውረድም ጊዜ ዋናውን ክር ወጥሮ ይይዘዋል፤ ቅርንጫፎቹም አጫጭር ናቸው። ከ15 እስከ 25 ሴንቲሜትር ይበቃል። ስትገዙ ግን ማሸጊያው ላይ ያለውን የመንጠቆ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ርቀቱን ለኩ። ታችኛው ቅርንጫፍ ከተነሣበት ቦታ እስከ እርሳሱ ያለው ርቀት ከቅርንጫፉ ርዝመት መብለጥ አለበት፤ አለበለዚያ መንጠቆው እርሳሱን ይነክሳል። በሁለት ቅርንጫፎች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ከሁለቱ ርዝመት ድምር መብለጥ አለበት። እያንዳንዳቸው 20 ሴንቲሜትር ከሆኑ ቢያንስ 45 ያስፈልጋል። ሦስት መንጠቆ በ60 ሴንቲሜትር ክር ላይ ተደርድሮ ካያችሁ መንጠቆዎቹ እርስ በርስ እንዲጨባበጡ የተሠራ ነው፤ መልሱት።

ቅርንጫፉ ከዋናው ክር ጋር የተያያዘበትን ቦታም ተመልከቱ። በክሩ ራሱ የተቋጠረ ቀለበት ድርብ ክር ስለሆነ ግትር ሆኖ ወደ ጎን ይቆማል፤ ነገር ግን ቋጠሮው የዋናውን ክር ጥንካሬ ይቀንሳል፤ ማባበያው ሲሽከረከርም የሚፈታው የለም። በሁለት ዶቃዎች መካከል በትንሽ ስዊቭል የታሰረው ቅርንጫፍ ግን በዋናው ክር ዙሪያ እንደ ልቡ ይዞራል። ሁለተኛው ተጨማሪ ገንዘብ የሚገባው ነው፤ በተለይ ስትሰበስቡ እንደ ውልብልቢት የሚዞር የዓሣ ቁራጭ ለምትጠቀሙ።

ጉድለቱ ዓሣው ክብደቱን ቶሎ መሰማቱ ነው። ፈሪ ዓሣ ይተፋዋል። ደፋሩ ግን ሲደነግጥ ራሱን ይሰካል፤ ጫፉ ወደ ውስጥ የተጠማዘዘ ክብ መንጠቆ ከዚህ አሠራር ጋር የሚስማማው ለዚህ ነው፤ ዘንጉን በኃይል መሳብ አያስፈልግም። ወለሉ ጭቃ ወይም ሣር ከሆነ ማባበያው ከፍ ብሎ ስለሚንጠለጠል አይቀበርም። ድንጋያማ ከሆነ ደግሞ እርሳሱን ከዋናው በደከመ ቁራጭ ክር እሰሩት፤ ከተያዘ እሱ ብቻ ይበጠስና መንጠቆውም ዓሣውም ይተርፋሉ።

ሌሎቹ፣ በአጭሩ

ባለ ሦስት ዓይን ስዊቭል፦ አንዱ ዓይን ለዋናው ክር፣ አንዱ ለእርሳሱ፣ አንዱ ለመንጠቆው። ጀልባ ቀስ እያለ በወራጅ ሲነዳ ጥሩ ነው። ለውርወራ አልመክረውም፤ የመንጠቆው ክር ይረዝማል፣ ሦስቱ ክሮች ከአንድ ነጥብ ስለሚነሡም መጠላለፍ ልማዳቸው ነው።

ባለ ቱቦ፦ ዋናው ክር ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር በሚሆን ደንዳና የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። መንጠቆው ቢጠመጠም እንኳ የሚያገኘው ወፍራም ቱቦ ስለሆነ ይንሸራተትና ይፈታል። የሚሠራው ግን የመንጠቆው ክር ከቱቦው ሲያጥር ብቻ ነው፤ ከረዘመ ቱቦውን አልፎ ቀጭኑን ክር ይይዛል። «የማይተበተብ» የሚል ቱቦ ገዝቶ በ80 ሴንቲሜትር የመንጠቆ ክር ተጠቅሞ ሻጩን የሚያማ ሰው አይቻለሁ። ቱቦው አየር ስለሚይዝ ርቀት ይቀንሳል፤ አሸዋም ይገባበታል።

ባለ ክንድ፦ ቅርንጫፉን ከዋናው ክር የሚያርቅ የሽቦ ወይም የፕላስቲክ ክንድ ነው። ከጀልባ ቀጥታ ወደ ታች ለሚያወርድ ከሁሉም የተሻለ ነው። ሩቅ ለሚወረውር ግን ሸክም ነው።

የትኛው ክር ለየትኛው ቦታ

ናይለን በ1935 በዱፖንት ቤተ ሙከራ ከተሠራ ጀምሮ የማጥመጃ ክር ዓለም ተለውጧል፤ ዛሬም ለመንጠቆው ክር ሁነኛ ምርጫ ነው። ይለጠጣል፣ ቋጠሮ በደንብ ይይዛል፣ በሚሊሜትር ውፍረት የተለያየ ግትርነት ይገኛል። ጥቅሉ ላይ ሲቆይ ጥምዝነትን መልመዱ ብቻ ነው የሚያስቸግረው። ፍሎሮካርቦን ከናይለን ይከብዳል፤ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.78 ግራም ገደማ ሲሆን ናይለን 1.14 ነው። ስለዚህ ቶሎ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ የድንጋይ ፍትጊያንም ይችላል። ለመንጠቆው ክር ግዙት። ሙሉ ማጠንጠኛ፣ ማለት ክሩ የሚጠቀለልበትን ዕቃ፣ በፍሎሮካርቦን መሙላት ግን ለዚህ ሥራ ገንዘብ ማባከን ነው።

የተጎነጎነው ክር፣ ብሬይድ የሚባለው፣ ሌላ ፍጥረት ነው። ከፖሊኤቲሊን ስለሚሠራ ክብደቱ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.97 ግራም ነው፤ ይንሳፈፋል። እጅግ ቀጭን ሆኖ ብርቱ ነው፣ አይለጠጥም ማለት ይቻላል፣ የዓሣውን ንክሻ ከሩቅ ያሳውቃል። ዋናው ክር ለማድረግ ደስ ይላል። ነገር ግን እንደ ሐር የለሰለሰ ስለሆነ ለመንጠቆው ክር ብታደርጉት የመጀመሪያው ውርወራ ላይ ይጠመጠማል፤ ሲጠመጠምም ጥርስ ካልሆነ አይፈታም። መንጠቆዎቹ የሚያርፉበት የታችኛው ክፍል በሙሉ ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን ይሁን።

ከባድ እርሳስ በኃይል ለምትወረውሩ አንድ የደኅንነት ነገር፦ ጫፉ ላይ የሚቀጠለው ወፍራም ክር ለየ28 ግራሙ እርሳስ 4.5 ኪሎ የሚችል ይሁን የሚል የቆየ ልማድ አለ። ለ112 ግራም 18 ኪሎ መሆኑ ነው። በውርወራ መሐል የተበጠሰ እርሳስ እንደ ጥይት ነው የሚሄደው።

ትንንሾቹ ዕቃዎች

ስዊቭል ላይ አትቆጥቡ። ርካሹ በእጅ ሲያሽከረክሩት ይዞራል፤ ክብደት ሲጫነው ይቆማል። ሱቅ ውስጥ ሁለቱን ጫፍ ወጥራችሁ ለማዞር ሞክሩ፤ ተወጥሮ ካልዞረ ውኃ ውስጥም አይዞርም። ኩሽኔት ያለው ዓይነት ይዞራል።

የእርሳሱ ቅርጽም ይተበትባል። እንቁላል መሰሉ ወራጅ ውስጥ ይንከባለላል፣ ሲንከባለልም የመንጠቆውን ክር ይጠቀልላል። ለአሸዋ ፒራሚድ፣ ለወራጅ ጠፍጣፋ፣ ለጀልባ ዕንባ መሰል ውሰዱ። ቀዳዳ ያለው ከሆነ በቀዳዳው ውስጥ የጥጥ ፈትል አሳልፉና ሳቡ፤ ፈትሉን የሚቧጭር ጠርዝ ክራችሁንም ይበላል። እርሳስ መርዝ መሆኑም አይረሳ፤ ብሪታንያ በተለይ ስዋን የሚባሉት የውኃ ወፎች እየዋጡት ሲያልቁ ከ0.06 እስከ 28.35 ግራም ያለውን በ1987 ከልክላለች። ተንግስተን እጅግ ስለሚከብድ በትንሽ መጠን ያሰምጣል፤ ብረትና ቆርቆሮ ግን ከእርሳስ ስለሚቀሉ ለአንድ ዓይነት ክብደት ተለቅ ያለውን ትወስዳላችሁ።

ተዘጋጅቶ የታሰረ ወይስ ራስ የሚያስረው?

ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ጊዜ ይቆጥባል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አሠራሩን ለማየትም ይጠቅማል። ግን ካርቶን ላይ ተጠቅልሎ ስለሚቆይ ጥምዝ ሆኖ ይወጣል። ከመጠቀማችሁ በፊት በእርጥብ ጣት መካከል ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡት። ሱቅ ውስጥ የመንጠቆውን ክር በአግድም ያዙትና ጫፉን ልቀቁት፤ ወዲያው እንደ ስፌት ክር ከተንጠለጠለ ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ቆም ካለ ውሰዱት። እኔ 0.50 ሚሊሜትር ናይለን አንድ ጥቅል፣ ጥሩ ስዊቭልና ዶቃ ገዝቼ ቅርንጫፉን ራሴ አስራለሁ። በአንድ ጥቅል ብዙ ይወጣል፤ ርዝመቱንም እንደ ቦታው እወስናለሁ።

የትኛውንም ብትገዙ አወራወሩ ግማሹ ሥራ ነው። እርሳሱ ውኃውን ሊነካ ሲል በማጠንጠኛው ከንፈር ላይ ጣታችሁን ቀስ ብላችሁ አሳርፉ። እርሳሱ በአየር ላይ ሲገታ ወደ ኋላ ታጥፎ የነበረው መንጠቆ ወደፊት ይወረወርና ክሩ ይዘረጋል። ከዚያ እስከ ወለሉ ድረስ ክሩን ወጠር አድርጋችሁ አውርዱት። ማጠንጠኛውንም እስከ አፉ አትሙሉት፤ ከከንፈሩ 2 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ይበል፤ ካለዚያ ክሩ በጥቅል እየተዘረገፈ ገና ዘንጉ ቀለበት ላይ ይተበተባል። የታሰሩትንም አንድ ከረጢት ውስጥ አትክተቱ፤ እያንዳንዱን በስፖንጅ ቁራጭ ላይ ጠቅልሉት። ብዙዎቻችን ውኃው ነው የምንለው ትብታብ የጀመረው ቦርሳው ውስጥ ነው።