አምስት ወር በሃንተን፦ ኪዮቶ ቤት ውስጥ የለበስኩት የጥጥ ልብስ

በጃፓኗ ኪዮቶ ከተማ የተከራየሁት አሮጌ የእንጨት ቤት መስኮቶቹ ባለ አንድ መስታወት ናቸው። ጥር ላይ ጠዋት ስነሣ የማዕድ ቤቱ ቴርሞሜትር 8 ዲግሪ ያሳየኛል። የከተማው ሰዎች ከወለሉ ተነሥቶ በእግር የሚገባውን ይህን ብርድ «ሶኮቢኤ» ይሉታል።

ኅዳር ላይ ሃንተን ገዛሁ። በጥጥ የተሞላ፣ እጅጌው ሰፊና አጠር ያለ፣ ኮሌታው ጥቁር፣ ደረቱ ላይ በገመድ የሚታሰር የቤት ልብስ ነው። የእኔ የተሰፋው በሃንተኗ በምትታወቀው የኩሩሜ ከተማ ነው።

ከሰሜናዊቷ ደሴት ከሆካይዶ ውጭ አብዛኛው የጃፓን ቤት የሚሞቀው ሰው የተቀመጠበት ክፍል ብቻ ነው። ኮሪደሩም መጸዳጃውም እንደ ደጁ ይበርዳል። ሃንተኑን ከሁሉ በላይ የወደድኩት እዚህ ላይ ነው፤ ሻይ ለማፍላት ስወጣ ሙቀቴ አብሮኝ ይወጣል። ጋቢም ያሞቃል፣ ናፍቆቱም አለኝ፤ ነገር ግን ጋቢ ተከናንቦ ሽንኩርት መክተፍ አይቻልም።

የልብስ ሙቀት የሚለካው «ክሎ» በሚባል መለኪያ ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ሲያወጡት 1 ክሎ በ21 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው የሚበቃ ልብስ ነው አሉ፤ ሙሉ ሱፍ እንደ መልበስ ማለት ነው። ወፍራም ሹራብ ወደ 0.3 ክሎ ይጨምራል፤ ይህም ክፍሉን በ2 ዲግሪ ገደማ ከማሞቅ ጋር ይቀራረባል። ሃንተኑ ከሹራብ የበለጠ ያሞቃል። አምና ማሞቂያውን 24 ላይ አድርጌም ይበርደኝ ነበር፤ ዘንድሮ 19 በቅቶኛል።

እግርን ግን አያድንም። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ማሞቂያ የሚነፍሰው ሞቃት አየር ወደ ጣሪያ ይወጣል፣ ወለሉን የሸፈነው የሣር ምንጣፍ፣ ታታሚው፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል። ወፍራም የሱፍ ካልሲ እስካደርግ ድረስ ጀርባዬ እየሞቀ ጣቶቼ ይደነዝዙ ነበር።

ሰፊው እጅጌ ምድጃ አጠገብ አደገኛ ነው፤ አንድ ቀን ጫፉን እሳት ለበለበው፣ ከዚያ ወዲህ ምግብ ሳበስል በገመድ ወደ ላይ እሰበስበዋለሁ። በሦስተኛው ወር የብብቱ ስፌት ተተረተረ፤ የሸጠልኝ ሱቅ ራስህ ስፋው አለኝ፣ በዚህ አዝኛለሁ። ጥጡ እንዳይቋጠር በእጅ ብቻ አጥበዋለሁ። ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ጥጡ ተመልሶ ይነፋል፣ ሙቀቱም ይመለሳል።

ሃንተኑን የማወልቀው ግን ቤቱ እጅግ በሚበርድበት ቦታ ነው፤ ከገላ መታጠቢያው በፊት ባለችው ጠባብ ልብስ ማውለቂያ። ከዚያ ብርድ ራቁት ሆኖ 41 ዲግሪ ውኃ ውስጥ መግባት የደም ግፊትን በድንገት ያናውጣል፤ በብርድ ወራት በጃፓን ብዙ አዛውንት ገላ መታጠቢያ ውስጥ ይሞታሉ። እናቴ የካቲት ላይ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ለእርሷም ሃንተን ገዛሁላት። ከእርሱ በፊት ግን ለማውለቂያዋ ክፍል ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዛሁ፤ ገንዳው ውኃ እስኪሞላ ክፍሏ ትሞቃለች።