ዝግታን በትዕግሥት የሚያስለምድ መርሐ ግብር፦ ለረጅም ርቀት ትራያትሎን የ24 ሳምንት የልምምድ አገልግሎት ግምገማ

ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ በሚደረጉበት በረጅም ርቀት ትራያትሎን ለመወዳደር ስወስን ከሁሉ አስቀድሜ የፈለግሁት ልምምዴን ከሳምንት ሳምንት የሚመራልኝ ሰው ነበር። ለዚህም በስልክ መተግበሪያ አማካይነት የ24 ሳምንት መርሐ ግብር በክፍያ ለሚያቀርብ አንድ አገልግሎት ተመዘገብሁ፤ እስከ ውድድሩ ዋዜማ ድረስም አብሬው ዘለቅሁ። አገልግሎቱ በየእሑዱ ማታ የቀጣዩን ሳምንት ልምምድ ይልካል፤ ከእጅ ሰዓትና የልብ ምትን ከሚለካ የደረት ቀበቶ የሚመጣለትን መረጃ እያየ መጠኑን ያስተካክላል፤ በወር ሁለት ጊዜም ከአሠልጣኝ ጋር በድምፅ ያገናኛል።

ርቀቱ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በሃዋይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ከተነሡት 15 ሰዎች 12ቱ የጨረሱ ሲሆን፣ አንደኛ የወጣው ጎርደን ሃለር 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ፈጅቶበታል። ዛሬም በአብዛኞቹ ውድድሮች ለተሳታፊው የሚፈቀደው ጊዜ እስከ 17 ሰዓት ይደርሳል። ስለዚህ ማንኛውንም መርሐ ግብር የምመዝነው ሰውነትን ለዚያ ሁሉ ሰዓት ሳይዝል እንዲሠራ ያዘጋጃል ወይ በሚለው ጥያቄ ሲሆን፣ ይህኛው በዚህ ረገድ ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት የተደረገልኝ ፈተና የአገልግሎቱን ጥንቃቄ ያሳያል። ከ220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ የሚገኘው የከፍተኛ የልብ ምት ግምት ከአንዳንድ ሰው እውነተኛ ልክ በ10 ምትና ከዚያም በላይ ሊርቅ ስለሚችል በእርሱ አይሠሩም። በምትኩ ለ30 ደቂቃ እስከ መጨረሻው የምዘልቅበትን ከፍተኛ ፍጥነት ይዤ ብቻዬን እንድሮጥ ተደረገና የመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች አማካይ የልብ ምት ተወሰደ፤ የቀላል ልምምዴ ጣሪያም ከዚያ ተነሥቶ በደቂቃ 138 ምት ሆኖ ተቆረጠ። የደረት ቀበቶ ግዴታ መሆኑ መጀመሪያ ላይ ያላስፈላጊ ወጪ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ቀበቶው የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በቀጥታ ሲያነብ፣ የእጅ አንጓ ላይ ያለው የብርሃን መለኪያ አንዳንድ ጊዜ የእግርን ርምጃ እንደ ልብ ምት ቆጥሮ እንደሚያሳስት በራሴ ሩጫ ካየሁ በኋላ አስፈላጊነቱን ተቀበልሁ።

የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ልምምድ በአብዛኛው ከ138 በታች የሚደረግ ሶምሶማና ብስክሌት ነበር። ይህ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ መንገድ ላይ ግን ትዕግሥትን ክፉኛ ይፈትናል። ትንሽ ዳገት ሲገጥመኝ ሰዓቱ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ፍጥነቴን ብቀንስም መንቀጥቀጡን አያቆምም፤ በመጨረሻ መራመድ ግድ ይሆንብኛል። በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሩ ተሳስቷል ብዬ ቅሬታ ጻፍሁ። አሠልጣኟ በቀጠሯችን ሰዓት ሶምሶማ ላይ እያለሁ ደወለችና «በያዙት ፍጥነት እየሮጡ ከ1 እስከ 20 ሳያቋርጡ ይቁጠሩልኝ» አለችኝ። 11 ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ፍጥነቴን ቀንሼ እንደገና ስቆጥር 20 ደረስሁ፤ ሰዓቴን ሳየው 136 ይላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ቁጥሩ አልተከራከርሁም።

ዝግታው የሚሠራበት ምክንያት በሚገባ መብራራቱን እንደ ትልቅ ብልጫ እቆጥረዋለሁ። በዝቅተኛ ጉልበት ለረጅም ሰዓት የሚደረግ ልምምድ በጡንቻ ሕዋሳት ውስጥ ኃይል የሚያመነጩትን ማይቶኮንድሪያዎች ያበዛል፣ ጡንቻን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጨምራል፣ ልብም በአንድ ምት የምትረጨውን የደም መጠን ከፍ ያደርጋል። ከሁሉም በላይ ሰውነት ስብን በብዛት እንዲያቃጥል ያሠለጥነዋል፤ በጡንቻና በጉበት የሚከማቸው የስኳር ስንቅ (ግላይኮጅን) 500 ግራም ገደማ ብቻ በመሆኑ እርሱን ቶሎ የሚጨርስ ሰው ማራቶኑ ሳይጀመር ስንቁ ያልቅበታል። የትራያትሎን ተወዳዳሪው ማርክ አለን በሃዋይ 6 ጊዜ ከማሸነፉ በፊት የልምምዱን ብዙ ክፍል የልብ ምቱን ዝቅ አድርጎ በመሥራት የታወቀ ነው፤ እንደ እርሱ ያለ ፈጣን ሰው መጀመሪያ ዝግ ማለትን ከተቀበለ እኔ የማልቀበልበት ምክንያት አልነበረም።

ውጤቱ በቁጥር ታየ። በሦስተኛው ሳምንት በ138 ምት አንድ ኪሎ ሜትር የምሮጠው በ7 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነበር፤ በ15ኛው ሳምንት በዚያው ምት 6 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ደረስሁ። ከዚህም ይልቅ ያስደሰተኝ አገልግሎቱ በየወሩ በሁለት ሰዓት የብስክሌት ጉዞ የሚለካው ነገር ነው፦ ፔዳሉን በምገፋበት ጉልበት ላይ ለውጥ ሳይኖር በሁለተኛው ሰዓት የልብ ምት ምን ያህል እንደሚያሻቅብ ያነጻጽራል። መጀመሪያ 9 በመቶ ያሻቅብ የነበረው በአምስተኛው ወር ወደ 4 በመቶ ወረደ። ጽናት የሚባለው ነገር እንዲህ ተለክቶ ሲታይ በራስ ላይ ያለው እምነት ይጨምራል።

ረጅሙ የሳምንት መጨረሻ ብስክሌት ከ2 ሰዓት ተነሥቶ 5 ሰዓት ተኩል ደርሷል፤ በየአራተኛው ሳምንትም ሰውነት እንዲያገግም ይቀነሳል። እዚህ ላይ ስለ አመጋገብ የተሰጠው ትኩረት ሊመሰገን ይገባዋል። ሆድም እንደ እግር መልመድ አለበት በሚል በሰዓት ከ60 ግራም ካርቦሃይድሬት አስጀምረው፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የተባሉ ሁለት የስኳር ዓይነቶች የተቀላቀሉበት ስንቅ እየተጠቀምሁ ቀስ በቀስ ወደ 90 ግራም እንድጠጋ አድርገውኛል። አንድ ጊዜ የስንቅ ማስታወሻውን ድምፅ አጥፍቼ በአራተኛው ሰዓት ላይ ጣቶቼ እየተንቀጠቀጡ የምግቡን ከረጢት መቅደድ አቅቶኛል፤ በየ20 ደቂቃው የሚጮኸውን ማስታወሻ ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አላጠፋሁትም። ከብስክሌት እንደ ወረዱ ወዲያው የሚደረገው አጭር ሩጫና የጥንካሬ ልምምዱ ሌላ ቦታ ከሚታወቁት አይለዩም፤ የሚነቀፍ ነገር አላየሁባቸውም።

ደካማ ጎኑ ዋና ነው። በ400 እና በ200 ሜትር ፈተና መካከል ባለው የጊዜ ልዩነት ተመሥርቶ የዋና ፍጥነቴን መወሰኑ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አገልግሎቱ አዋዋኜን የሚያይበት ዓይን የለውም። እኔ ለመተንፈስ ጭንቅላቴን ቀና ስለማደርግ ዳሌዬና እግሬ ወደ ታች ይሰምጡ ነበር፤ መርሐ ግብሩም ይህን ሳያውቅ ርቀት መጨመሩን ቀጠለ። ለሁለት ወር ያህል ያልተሻሻለው ፍጥነቴ የተስተካከለው አንድ የዋና አሠልጣኝ ከገንዳው ዳር ቆሞ ጥቂት ጊዜ ካየኝ በኋላ ነው። ቢያንስ የዋና ቪዲዮ ተቀብሎ አስተያየት የመስጠት አሠራር ሊኖራቸው ይገባ ነበር።

ከዚህ የከፋው ግን በ11ኛው ሳምንት የደረሰብኝ ነው። ጉንፋን ለ6 ቀን አስተኝቶኝ ስነሣ አውቶማቲኩ ሥርዓት ያመለጡኝን ልምምዶች በሙሉ በቀጣዩ ሳምንት ላይ ከመረብኝና 10 ሰዓት የነበረው ሳምንት ወደ 15 ሰዓት ዘለለ። አምኜው ስከተል በሦስተኛው ቀን የቅልጥም ሕመም ጀመረኝ። አሠልጣኟ ስታውቅ ያለፈው ልምምድ እንዳለፈ እንዲቀር አድርጋ ሳምንቱን በግማሽ ቀነሰችው፤ ሕመሙም በአሥር ቀን ውስጥ ተወኝ። ስለ ትዕግሥት ይህን ያህል የሚያስተምር አገልግሎት ከሕመም የተነሣን ሰው እንዲህ የሚያጣድፍ ሥርዓት መያዙ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ይህንኑም ጽፌላቸዋለሁ።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ሰዓቱን እየቀነሱ፣ አጫጭር ፈጣን ልምምዶችን ግን ሳይተዉ ያሳርፋሉ። በውድድሩ ዕለት ከማራቶኑ የመጀመሪያ 10 ኪሎ ሜትር ይልቅ በመጨረሻው 10 ኪሎ ሜትር የዘገየሁት በኪሎ ሜትር 38 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ከዚህ በፊት በተወዳደርሁበት ግማሽ ርቀት ግን ሩጫውን የጨረስሁት እየተራመድሁ ነበር።

አገልግሎቱ በሳምንት ቢያንስ 8 ሰዓት ለልምምድ መስጠት ለሚችልና ዋናን ቀደም ብሎ በደንብ ለተማረ ሰው ይስማማል፤ ዋናን ከመሠረቱ ለሚጀምር ሰው ግን ብቻውን አይበቃም። ለቀጣዩ ዙር እንደገና ተመዝግቤያለሁ። የዋና ትምህርቴን ከገንዳው አሠልጣኝ ጋር ቀጥያለሁ፤ ያመለጠን ልምምድ በራሱ የሚያሸጋሽገውንም ክፍል ከመተግበሪያው ቅንብር ውስጥ ገብቼ በመጀመሪያው ቀን አጥፍቼዋለሁ።