ሌሊት የሚንበረከከው መኪናዬ

በገዛሁት በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ከቤት ስወጣ መኪናዬ እንደ ግመል ተንበርክኮ አገኘሁት። የፊት ግራው ጎማ ፓራፋንጎው ውስጥ ተሸጉጧል፤ ሦስቱ ጥጎች እንደቆሙ ናቸው። ጎማው ተንፍሶ ነው ብዬ ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ጎማው ደህና ነው። ሞተሩን ሳስነሳ ከሥር እዝዝ የሚል ድምፅ ተሰማና ያ የወደቀ ጥግ ቀስ እያለ ተነሣ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ የረቀቀ ነገር ባለቤት መሆኔን ለማየት ለፈለገ ሁሉ አሳየሁ። ያ ደስታ መኪናውን ከገዛሁበት ዋጋ ከመቶ 14 እጅ አስከፈለኝ።

ሲሸጥልኝ ዕድሜው 10 ዓመት፣ የሄደውም 128,000 ኪሎ ሜትር ነበር። አዲስ ሆኖ ሲወጣ ከነበረው ዋጋ ሩቡን ያህል ከፈልሁ። ሻጩ እጁን ኮፈኑ ላይ ጣል አድርጎ፣ «ይህ መኪና እኮ በአየር ላይ ነው የሚሄደው» አለኝ። አልዋሸም። በእርግጥም በአየር ላይ ነው የሚሄደው። ሌሎች መኪኖች ሞላ ባላቸው ቦታ የእኔው በየጎማው ላይ አየር የተሞላ የላስቲክ ከረጢት አለው። አየሩን የሚነፋ ኮምፕሬሰር፣ ለየከረጢቱ የሚያከፋፍል የቫልቭ ሳጥን፣ ከፍታውን የሚለኩ ሴንሰሮች፣ ሁሉንም የሚያዝ ኮምፒውተር አለ። አየር ግን መውጫ ቀዳዳ ሲያገኝ አይለምንም፤ ይሄዳል። ወንድሜ፣ ይህንን ግማሽ ለምን ሳትነግረኝ ቀረህ?

አሁን ሳስበው የነገረኝ አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ እኔ አልሰማሁትም። መኪናውን ለማየት ስሄድ በር ላይ ተቀብሎኝ፣ «እንዳትቸገር ብዬ ሞተሩን አሙቄ ጠበቅሁህ» ብሎኛል። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው ብዬ ነበር። ሞተሩ ከተነሣ ኮምፕሬሰሩ የወረደውን ጥግ በደቂቃዎች ውስጥ ያነሣዋል፤ ከዚያ በኋላ የደረሰ ገዢ ቀጥ ብሎ የቆመ መኪና ነው የሚያየው። ምናልባትም እውነተኛ ደግነት ይሆናል፤ ሰውየውን በሌለበት አልከስሰውም። ነገር ግን ዛሬ እንዲህ ያለ መኪና ልገዛ ብሄድ ኮፈኑን በእጄ ዳስሼ ከሞቀ ነገ እመጣለሁ ብዬ እመለሳለሁ። ሌሊቱን የቆመ፣ ሞተሩ የቀዘቀዘ መኪና ብቻ ነው እውነቱን የሚናገረው።

የራሴ ጥፋት ከዚህ ይብሳል። መንበርከኩን እያየሁ ስድስት ሳምንት ዝም አልሁ። «ተነሥቶ ይሄድ የለም?» እያልሁ ማለት ነው። ኮምፕሬሰር በየጊዜው ለአጭር ጊዜ እንዲሠራ እንጂ ቀኑን ሙሉ እንዲነፋ የተሠራ ዕቃ አይደለም። ከረጢቱ በሚያፈስሰው ልክ እየነፋ፣ እየጋለ፣ በመጨረሻ አንድ ማታ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ ጽሑፍ ወጣ፤ ከ50 በላይ አትንዳ ይላል። ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ይዤ ብስክሌት እየቀደመኝ ቤቴ ገባሁ።

የመጀመሪያው መካኒክ ኮምፒውተሩን ሰክቶ የስሕተት ቁጥሩን አነበበና ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል አለኝ። ልክ ነበር። አዲስ አስገባን፤ ከግዢው ዋጋ ከመቶ 5። ለምን ተቃጠለ ብሎ ግን አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በሳምንቱ መኪናው እንደገና ተንበረከከ፤ አዲሱም ኮምፕሬሰር እንደ ሟቹ ያለ ዕረፍት ማጉረምረም ጀመረ።

ሁለተኛው መካኒክ ምንም አልሰካም። የሳሙና ውኃ በመርጫ ጠርሙስ ይዞ መጣ፤ መሪውን አዙሮ ከጎማው ጀርባ እጁን ሰደደና ከረጢቱ ላይ ረጨው። ላስቲኩ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ላይ፣ ጥቃቅን አረፋዎች እየፈሉ ወጡ። ያ ሁሉ ገንዘብ በዚያች ቀጭን መስመር ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። ላስቲክ በዕድሜ ይደርቃል፤ የሚሰነጠቀውም ዕለት ዕለት እየታጠፈ በሚዘረጋበት ቦታ ነው። ከረጢቱ ከሾክ አብዞርበሩ ጋር አንድ አካል ሆኖ ስለሚሸጥ ለአንዲት ስንጥቅ ሁሉንም ገዛሁ፤ ቀኙም እኩያው ስለሆነ ዛሬ ነገ መሰንጠቁ አይቀርም ተብሎ ጥንዱ ተቀየረ። ከመቶ 7። የሥራና የምርመራው ተጨምሮ ከላይ ያልሁት 14 ሞላ። የኮምፕሬሰሩን ሪሌም፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያበራለትንና የሚያጠፋለትን ማብሪያ፣ አብሮ ቀየረው። በሙቀት የተጣበቀ ሪሌ ኤሌክትሪኩን አልቆርጥ ብሎ አዲሱን ኮምፕሬሰር ሊያቃጥለው እንደሚችል፣ ዋጋውም ከሁሉም ዕቃ ያነሰ እንደሆነ የነገረኝ እሱ ነው። አንድ ነገርም አስጠነቀቀኝ፦ አየር ብቻ በያዘው መኪና ሥር፣ ጠንካራ ድጋፍ ሳይቆምለት፣ ጭንቅላትህን አታስገባ።

ሻጮች የሚሸሹት ሒሳብ ይህ ነው፤ መኪናው አርጅቶ ዋጋው ወደ ሩብ ወረደ፤ መለዋወጫው ግን ያኔም አሁንም የዚያ ውድ መኪና መለዋወጫ ነው። «ርካሽ አገኘህ» ያለኝ ሁሉ ያየው የመግቢያውን ዋጋ ብቻ ነው።

«ሁሉንም አውጥተህ ሞላ አስገባ» የሚሉኝ አሉ። ምክሩ የቆየ ነው። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1957 ኤልዶራዶ ብሮም የተባለውን መኪናውን በአየር ከረጢት ላይ አቁሞት ነበር፤ አየሩ እያመለጠ ያስቸገራቸው ብዙ ባለቤቶች ወደ ሞላ መልሰውታል። እኔም ዋጋውን ጠይቄ ነበር፤ አንድ ኮምፕሬሰር ከሚያወጣው ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን መኪናው ከፍ ዝቅ ማለቱ ይቀራል፤ ያ ከጉድጓድ ጉድጓድ እንደ ጀልባ የሚያሻግረው ልስላሴም ይቀራል። ለዚያ ልስላሴ አይደል የገዛሁት?

ሌላው ችግር ከዚህ አንጻር ጨዋ ነው። የጣሪያው መስኮት የውኃ መውረጃ ቱቦ በቅጠል ተደፍኖ ዝናቡ ምንጣፉ ሥር ገባ፤ የኤሌክትሪክ ሳጥኖች እዚያው ስለሆኑ የኋላው በር ለሁለት ቀን በራሱ ፈቃድ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰነበተ። ቀጭን የፕላስቲክ ገመድ ሰድጄ ቱቦውን ጠረግሁት፤ ወጪ የለውም። የሞተሩ ክዳን ማሸጊያ ዘይት ያልባል። ማቀዝቀዣ ውኃው የሚያልፍበት የፕላስቲክ ቱቦም በሙቀት ደርቆ እንደ ብስኩት ተሰበረ። ወንበሩ ምቹ ነው።

ተጸጽተሃል ወይ ለሚለኝ መልሴ እንደ ሰዓቱ ነው። ማታ ረጅም መንገድ ነድቼ ስመለስ፣ ወገቤ ሳይሰማኝ፣ ከውጭ የነፋስ ድምፅ እንኳ ሳይገባ፣ አልሸጠውም እላለሁ። ጠዋት ግን ሌላ ሰው ነኝ። ፊቴን ከመታጠቤ በፊት እወጣና በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ጣቶቼን እየከተትሁ አራቱንም ጥግ እለካለሁ። ደህና ሲሆን አራት ጣት ያስገባል። ዛሬ የኋላ ቀኙ ሦስት ተኩል ነበር።