እማዬን ብቻዋን ያነጋገረቻት ሲስተር

ይህን የምጽፈው ስሜን እንዳትጠቅሺ ብላ ለለመነችኝ ነርስ ነው። ሥራዋ ኩላሊት ለጋሾችን ማስተባበር ነው። እኛ ቤት "ሲስተር" ከተባለ እሷ ናት።

ወንድሜ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ነበር። እማዬ 68 ዓመቷ ነው። "የኔን ስጡት" ብላ መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ዕድሜዋን ጠየቁና አንድ ምርመራ እንኳ ሳያዙ መለሱን። "እርስዎ እኮ መጦር ነው ያለብዎት" አሏት። ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፋ ዋለች።

ሲስተር ግን ዕድሜዋን ጻፈችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ከዚያ ምርመራው ተጀመረ፦ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ልብ፣ ሲቲ ስካን። የ24 ሰዓት ሽንት የሚጠራቀምበት ጀሪካንም ነበር። እማዬ አፍራ በፎጣ ጠቅልላ ወሰደችው። ሲስተር በሁለት እጇ ተቀብላ "ወርቅ ነው ያመጡልኝ" አለቻት።

"ዕድሜዬ አያስፈራሽም ልጄ?" ስትላት የመለሰችላትን አልረሳውም። "የ25 ዓመት ልጅ ሲመጣ ነው እኔ የምጨነቀው። ነገ ስኳር ይያዘው፣ ደም ግፊት ይያዘው፣ ማን ያውቃል? እርስዎን ግን 68 ዓመት ፈትኖዎታል።" እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ አንድ የ98 ዓመት አዛውንት ሲሞቱ ጉበታቸው ለሌላ በሽተኛ እንደተሰጠም የነገረችን እሷ ናት። እማዬ "እንግዲያ እኔ ገና ልጅ ነኝ" አለች።

ለወንድሜ ደግሞ አላድበሰበሰችም። በዕድሜ የገፋ ሰው ኩላሊት የማጣራት አቅሙ ቀነስ ይላል፣ ከወጣት ኩላሊት ቀድሞ ሊደክምም ይችላል። እሱን አውቆ ነው የተቀበለው።

ዋናው ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ሁላችንንም ከክፍሉ አስወጣችንና በሩን ዘጋች። ውስጥ ምን እንደተባለ ያወቅነው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነው። "ካልፈለጉ አሁን ይንገሩኝ። ለልጆቹ 'አይስማማም' ብቻ ነው የምላቸው፣ ምክንያቱ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቀራል። ቀዶ ጥገና ክፍል በር ላይ ደርሰውም ቢሆን መመለስ ይችላሉ።" እማዬ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ለገዛ ልጄ ነው እንዴ የምጠየቀው ብላ። ከዚያ አለቀሰች። ፈርታ ነበር ለካ። እኛ ስንት ጊዜ "እማዬ አንበሳ" ስንላት፣ ፈርተሽ እንደሆን ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

አሁን ሁለቱም ደህና ናቸው። ሲስተር ዛሬም ትደውላለች። ለጉልበቷ የምትውጠውን አይቡፕሮፌን የሚባል የሕመም ማስታገሻ ያስጣለቻትም እሷ ናት፣ የቀረውን አንዱን ኩላሊት እንዳይጎዳ። እማዬ ስልኳን ስታይ ድምፅዋን አሰማምራ ነው የምታነሳው፣ ደብቃ የዋጠች ቀን በተለይ።

ከቤተሰባችሁ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ልስጥ ካለ የምትሄዱበት ቦታ ለለጋሹ ብቻ የቆመ ሰው እንዳለ ጠይቁ። የሲስተርን አድራሻ የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣለሁ።