ባትሪ ከማስቀየራችሁ በፊት ቪፒኤኑን አጥፉት

ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ስልክ የምታሠሩ ሁሉ ተጠንቀቁ። አንዳንድ ሞባይል ቤቶች በሽታውንም መድኃኒቱንም ከአንድ ባንኮኒ መሸጥ ይዘዋል።

የአክስቴ ልጅ ስልክ ስትገዛ «የዕድሜ ልክ ፕሪሚየም ቪፒኤን» ብለው 300 ብር ተቀብለው ጫኑላት። ቪፒኤን ኢንተርኔታችሁን ቆልፎ ሰርቨር በሚባል ሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፍ አፕ ነው። ፕሪሚየም የተባለው ከቴሌግራም ቻናል የወረደ ፋይል ነው። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ እያለ ይግል ጀመር፤ ጠዋት ሞልታው የወጣችው ቻርጅ ምሳ ሰዓት አይደርስም። ይዛው ስትመለስ «ባትሪው ሞቷል፣ ኦሪጅናል አለን» ብለው 1,800 ብር ተቀበሏት። አዲሱም ባትሪ ያው ሆነ። ቪፒኤኑን ያጠፋን ቀን ግን ስልኩ እስከ ማታ ቆየ። ገንዘቧን ስትጠይቅ «ስልኩ ስለተከፈተ ዋስትና የለውም» አሏት፤ ራሳቸው ከፍተውት! የፋብሪካውን ባትሪም አልመለሱላትም።

ቪፒኤን የሚገባውንም የሚወጣውንም ዳታ ሲቆልፍና ሲፈታ ነው የሚውለው፤ ይህ የፕሮሰሰር ሥራ ነው። አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ለዚሁ የተዘጋጀ ክፍል ስላላቸው ብዙ አይከብዳቸውም፣ አሮጌና ርካሽ ስልክ ግን ይደክማል። በዚያ ላይ መስመሩ እንዳይቋረጥ ከሰርቨሩ ጋር በየጊዜው «አለሁ» ይባባላል፤ ስክሪኑ ጠፍቶ እንኳ ስልኩ እረፍት የለውም። ወደ ሻሸመኔ ስትጓዙ ኔትወርኩ መጣ ሄደ ካለ ደግሞ በተቋረጠ ቁጥር እንደገና ሲገናኝ ባትሪውን ይጨርሰዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ ደህና የተሠራ ቪፒኤን ይህን ያህል አይበላም። ዋየርጋርድ የሚባለው አሠራር ከቀድሞው ኦፕንቪፒኤን በአብዛኛው ይቀላል። ምንጩ ያልታወቀ ነጻ ቪፒኤን ከመጠን በላይ ሲበላ ከጀርባ ሌላ ሥራ አለው ብላችሁ ጠርጥሩ። ሆላ የተባለው ነጻ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን ኢንተርኔት ለሌሎች ደንበኞች ሲሸጥ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2015 ተጋልጧል። የዳታውን ሒሳብ የሚከፍለው ማን እንደሆነ አስቡት። እኛ አገር በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምና ፌስቡክ ተዘግተው ሳለ እገዳውን ለማለፍ ያገኘውን ቪፒኤን የጫነ ብዙ ነው፤ እስከ ዛሬ ያላጠፋውም አለ።

አንድሮይድ ከሆነ ከላይ የቁልፍ ምልክት ካያችሁ ቪፒኤኑ እየሠራ ነው። ሴቲንግ ውስጥ የባትሪ ዝርዝሩን ተመልከቱ፤ የሌሎች አፖች ዳታ በቪፒኤኑ ስም ሊመዘገብ ስለሚችል ግን እሱን ብቻ አትመኑ። ሁልጊዜ እንዲበራ የሚያደርገውን ምርጫ ጭምር አጥፍታችሁ አንድ ቀን ዋሉበት። ለውጥ ከሌለ ባትሪው ሊሆን ይችላል። ያበጠ ባትሪ፣ የስልኩን ጀርባ ወይም ስክሪን የሚገፋ፣ አደገኛ ስለሆነ ሳትሞክሩ አስቀይሩት።

ስታስቀይሩ ስልኩ ፊታችሁ ይከፈት፣ አሮጌውን ባትሪ ዓይታችሁ ተረከቡ፣ ደረሰኝ ጠይቁ። «ደረሰኝ አንቆርጥም» ካሏችሁ ስልካችሁን ተቀብላችሁ ውጡ፤ ፒያሳ ሱቅ ሞልቷል።